የ«ተቃራኒውን ጻፉ» መልመጃ ሲመረመር

«የሚከተሉትን ቃላት ተቃራኒ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ ረዥም ዕድሜ ካላቸው መልመጃዎች አንዱ ነው። በጥቁር ሰሌዳው ግራ ወገን ዐሥር ቃላት ይደረደራሉ፤ ተማሪዎቹ በቀኝ ወገን ዐሥር ቃላት ይመልሳሉ፤ እርማቱም በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። መልመጃው ወረቀት አያባክንም፤ ሥዕልም ሆነ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የተማሪው ቍጥር ቢበዛም አያስቸግርም። በአማርኛው ክፍለ ጊዜም ይኸው መልመጃ ስለሚሠራ ተማሪው የሚጠየቀውን ለመረዳት አይቸገርም። እነዚህ ጥቅሞች የሚናቁ አይደሉምና መልመጃውን የሚተች ሁሉ አስቀድሞ ሊያምናቸው ይገባል። ይሁን እንጂ መልመጃው ከሚሰጠው ምቾት ጋር ስለ ቋንቋ አንድ የተሳሳተ እምነት አብሮ ያስተላልፋል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቃል አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ተቃራኒ አለው የሚል ነው።

የእምነቱ ስሕተት በጣም ተራ በሆነ ቃል ላይ ሊታይ ይችላል። በዝርዝሩ ውስጥ «ሾርት» የሚል ቃል ቀርቦ በመልስ መስጫው ላይ «ሎንግ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ «ቶል» ብሎ የመለሰ ተማሪ ነጥብ ያጣል። ተማሪው ያሰበው ስለ አጭር ሰው ከሆነ ግን መልሱ እንከን የለበትም፤ እንግሊዝኛ የአጭር ሰው ተቃራኒ የሚያደርገው «ቶል»ን እንጂ «ሎንግ»ን አይደለምና። በአንጻሩ «ሎንግ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ጓደኛው በማግስቱ ድርሰት ሲጽፍ ቁመተ ረዥሙን ወንድሙን «ኤ ሎንግ ማን» ብሎ ቢገልጸው ሊያስደንቅ አይገባም። በአማርኛ ገመዱም ረዥም ነው፤ መንገዱም ረዥም ነው፤ ሰውየውም ረዥም ነው። እንግሊዝኛ ግን ይህን አንድ ሜዳ ለሁለት ከፍሎታል። መልመጃው ክፍፍሉን ለማስተማር ምቹ አጋጣሚ ነበረ፤ ነገር ግን ቃሉን ብቻውን ስላቀረበ አጋጣሚው አለፈ፤ ያወቀው ተማሪ ተቀጣ፤ ያላወቀው ተሸለመ።

ችግሩ በአንድ ቃል የተወሰነ አይደለም። የአማርኛው «ቀላል» ከ«ከባድ» ጋር የሚቆመው ስለ ሸክምም ስለ ፈተናም ሲነገር ነው። እንግሊዝኛ ለሸክሙ «ላይት»ና «ሄቪ»ን፣ ለፈተናው «ኢዚ»ና «ዲፊካልት»ን ይመድባል። በዚህም ላይ «ላይት» ሌላ ፊት አለው፤ ብርሃን ስላለው ክፍል ሲነገር ተቃራኒው «ዳርክ» ነው። «ሃርድ» ስለ ድንጋይ ሲባል «ሶፍት»ን፣ ስለ ጥያቄ ሲባል «ኢዚ»ን ይቃረናል። «ኦልድ» ስለ ጫማ ሲነገር ተቃራኒው «ኒው»፣ ስለ ሰው ሲነገር «ያንግ» ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ይበልጥ ጠንቃቃ ሆኖ ይገኛል፤ ጫማን አሮጌ፣ ሰውን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይላልና። እንግዲህ አንዱ ቋንቋ አንድ ጥንድ ባለው ቦታ ሌላው ሁለት ጥንድ አለው፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት ዐምድ ያለው ዝርዝር ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

መምህራን ጕዳዩን ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት ወደ እንግሊዝኛ ከመሄዳቸው በፊት ከአማርኛ ቢነሡ መንገዱ ይቀናል። ለምሳሌ «ጥሬ» የሚለው ቃል ተቃራኒው ማን ነው? ጥሬ ሥጋ ከሆነ ብስል ወይም የተጠበሰ ይባላል። ጥሬ ዕቃ ከሆነ ተቃራኒው ፋብሪካ የጨረሰው ምርት ነው። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ በአንጻሩ የሚቆሙት ቼክና ዱቤ ናቸው፤ ብስል ገንዘብ የሚባል የለም። «ትኩስ» ቡና ተቃራኒው የቀዘቀዘ ነው፤ «ትኩስ» ዳቦ ግን ተቃራኒው ያደረ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሕፃን ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ተቃራኒ ያለው ቃሉ ሳይሆን በአንድ አገባብ ውስጥ ያለው ፍቹ መሆኑን በራሱ ቋንቋ ያየ ተማሪ፣ በእንግሊዝኛም «የምን ሾርት?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ጥያቄው ከመልሱ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የሁለት ዐምዱ ልማድ ከየት እንደ መጣ መመልከትም ጠቃሚ ነው። ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ የቃላት መድበል ተቃራኒ የሆኑ ሐሳቦችን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን በተቀመጡ ዐምዶች አሰልፎ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛ ለተቃራኒ ቃል መጠሪያ የሆነውን «አንቶኒም» የተባለውን ስያሜ ደግሞ ቻርልስ ጆን ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1867 እ.ኤ.አ. ባወጣው የተመሳሳይና የተቃራኒ ቃላት መጽሐፍ አስተዋውቋል። የሁለቱም መጻሕፍት ዓላማ ጸሐፊውን መርዳት ነበር፤ ማለትም ሁለቱንም ቃላት አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ለጊዜው ከአእምሮው የጠፋበትን ቃል የሚፈልግ ሰው ነበር አንባቢያቸው። ይህ ሰው ዐምዱን ሲያይ ያስታውሳል። ቋንቋውን ገና የሚጀምር ልጅ ግን የሚያስታውሰው ነገር የለውም፤ ለዐዋቂ መታወሻ የተሠራው ቅርጽ ለእርሱ መማሪያ ሆኖ ተሰጠው።

ተቃራኒ የሚባለው ነገርም አንድ ዐይነት አይደለም። ኤድዋርድ ሳፒር ስለ ደረጃ አሰጣጥ የጻፈው ጥናት በ1944 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ጕዳዩ በሥነ ልሳን ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው ተመርምሯል። ጆን ላየንዝ በ1968 እና በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው መጻሕፍት ሦስት ዋና ዋና ዐይነቶችን ለይቷል፦ መካከል የሌላቸው እንደ «ዴድ»ና «አላይቭ» ያሉ፣ በመካከላቸው ደረጃ ያላቸው እንደ «ሆት»ና «ኮልድ» ያሉ፣ አንዱን ግንኙነት ከሁለት ወገን የሚገልጹ እንደ «ባይ»ና «ሴል» ያሉ። ፍራንክ ፓልመርም በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ፍች ጥናት ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ይህንኑ ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ አብራርቶታል። ፓልመር የትግርኛን፣ የትግረንና የብሌንን ቋንቋዎች ያጠና ሊቅ ስለ ነበረ መጽሐፉ ለዚህ አገር መምህር ፈጽሞ እንግዳ ከሆነ ሰው የመጣ አይደለም። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ክፍፍል ከመጻሕፍቱ ወጥቶ ወደ መልመጃው ገጽ አለመግባቱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «ዴድ»፣ «ሆት»ና «ባይ» እንደ አንድ እናት ልጆች ተከታትለው ይቀመጣሉ።

በእነዚህ ዐይነቶች መካከል ያለው ልዩነት የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሞቶ ያልሆነ ሁሉ ሕያው ነው። ሙቅ ያልሆነ ውሃ ሁሉ ግን ቀዝቃዛ አይደለም፤ ለብ ያለም አለ። እንግሊዝኛም በ«ሆት»ና በ«ኮልድ» መካከል «ዎርም»ንና «ኩል»ን አስቀምጧል። «አይደለም» ማለትን «ተቃራኒው ነው» ከማለት ጋር አንድ አድርጎ የለመደ ተማሪ በአንብቦ መረዳት ጥያቄ ላይ «ሰውየው ሀብታም አልነበረም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ሰውየው ድኻ ነበረ» በሚለው ይተካና «እውነት» ብሎ ይመልሳል። ጕዳቱም በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ አይቆምም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ለሁለተኛ ደረጃና ለከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ በታችኛው ክፍል የተተከለው የተቃራኒ አስተሳሰብ በላይኛው ክፍል የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ውስጥ ይበቅላል።

በሒሳብ «ኖንኔጋቲቭ» የሚባል ቍጥር ሲጠየቅ፣ ኔጋቲቭ ያልሆነ ሁሉ ፖዘቲቭ ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ዜሮን ይጥላል። ዜሮ የሁለቱም ወገን አይደለም፤ ነገር ግን «ኖንኔጋቲቭ» በሚለው ውስጥ ይገባል። «ኖት ሞር ዛን 10» የሚለውን ሐረግ «ሌስ ዛን 10» ብሎ የሚተረጕም ተማሪ ደግሞ ዐሥርን ራሱን ይጥላል። በኬሚስትሪ አሲዳዊ ያልሆነ ፈሳሽ ሁሉ ቤዛዊ አይደለም፤ በ25 ዲግሪ ሴልሽየስ ፒኤቹ 7 የሆነ ንጹሕ ውሃ ገለልተኛ ነው። በፊዚክስም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በሆኑና ባልሆኑ ነገሮች መካከል ዛሬ የሬዲዮና የኮምፒዩተር ሥራ ሁሉ የተመሠረተባቸው ከፊል አስተላላፊዎች አሉ። የሒሳቡ መምህር ተማሪው ሒሳብ አያውቅም ይላል፤ የእንግሊዝኛው መምህር ቃላቱን አስተምሬአለሁ ይላል። ስሕተቱ በሁለቱ ክፍለ ጊዜያት መካከል ወድቆ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ደረጃ ካላቸው ጥንዶች አንዱ ለጥያቄ የተመረጠ መሆኑም ሊጠቀስ ይገባል። እንግሊዝኛ የሦስት ቀን ሕፃንን ዕድሜ ሲጠይቅ «ሃው ኦልድ» ይላል፤ ሕፃኑ አርጅቷል ማለቱ አይደለም። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ርዝመት፣ ክብደት፣ ስፋት፣ ጥልቀት የተባሉት የመለኪያ ስሞች ሁሉ የተገኙት ከትልቁ ወገን ነው፤ የአንድን ላባ ቅለት ሳይሆን ክብደት እንጠይቃለን። አንድ መምህር ይህን በአምስት ደቂቃ ሊያሳይ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ሦስተኛው ዐይነት ነው፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚሰማው ስሕተት የሚመነጨው ከእርሱ ነው። ገዢ ከሌለ ሻጭ የለም፤ ሁለቱ ቃላት አንዱን ድርጊት ከሁለት ወገን ያሳያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። አማርኛ ይህን ዝምድና ብዙ ጊዜ የሚገልጸው የአንዱን ሥር መነሻ በመለወጥ ነው፦ ተዋሰና አዋሰ፣ ተበደረና አበደረ፣ ተከራየና አከራየ፣ ተማረና አስተማረ። ሥሩ አንድ ስለሆነ ሰሚው ስለ አንድ ጕዳይ እንደሚነገር ወዲያው ያውቃል፤ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ ደግሞ መነሻው ይነግረዋል። እንግሊዝኛ ግን ለተዋሰ «ቦሮው»፣ ለአዋሰ «ሌንድ» የተባሉ በመልክ የማይዛመዱ ሁለት ቃላትን ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ ሥር የለመደው ተማሪ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣለትን ይይዝና ለሁለቱም ያውለዋል፤ እስክሪብቶ ሲፈልግ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ይላል። መምህሩ አስተማረኝ ለማለትም «ሂ ለርንድ ሚ» ይላል። ስሕተቱ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ከአማርኛ ሥርዐት የተወሰደ ትክክለኛ ግምት ነው፤ የወደቀው እንግሊዝኛ ሌላ መንገድ ስለ መረጠ ብቻ ነው።

የነገሩ ውበት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ መታየቱ ነው። አማርኛ የሚመለሰው ዕቃው ራሱ ሲሆን ውሰት፣ የሚመለሰው አቻው ሲሆን ብድር ብሎ ይለያል፤ እንግሊዝኛ ግን በ«ቦሮው»ና በ«ሌንድ» ሁለቱንም ያጠቃልላል። አማርኛ ተከራይንና አከራይን አጥርቶ ሲለይ እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ሬንት» ይላል፤ ቤቱን የያዘውም ቤቱን የሰጠውም «ሂ ሬንትድ ዘ ሃውስ» ሊባል ይችላል። ማን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው «ፍሮም» ወይም «ቱ» የተባለው መስተዋድድ ሲጨመር ነው። ከዚህ የሚገኘው የማስተማር ፍንጭ ግልጽ ነው። አማርኛ በግሡ መነሻ የሚሠራውን እንግሊዝኛ በመስተዋድድ ያጠናክረዋልና፣ «ቦሮው» ከ«ፍሮም» ጋር፣ «ሌንድ» ከ«ቱ» ጋር እንደ አንድ አካል ሊሰጡ ይገባል። «ቦሮው»ን በግራ፣ «ሌንድ»ን በቀኝ ያስቀመጠው ዝርዝር ግን መስተዋድዶቹን ቈርጦ የጣለ ነው፤ ተማሪው ሊይዘው የሚችለውን እጀታ ነቅሎ ዕቃውን ያቀበለውን ሰው ይመስላል።

በቅጥያ ስለሚመሠረቱ ተቃራኒዎች ብዙ መባል አያስፈልግም፤ መጻሕፍቱ በዚህ ረገድ ለጋስ ናቸው። «አን»፣ «ኢን»፣ «ዲስ» የተባሉት መነሻዎችና «ሌስ» የተባለው መድረሻ በሕግ መልክ ይሰጣሉ፤ ተማሪውም አማርኛው «ቢስ»ን፣ «የለሽ»ንና «አልባ»ን ስለሚያውቅ ሕጉን በቶሎ ይቀበላል። አደጋው በመቀበሉ ፍጥነት ላይ ነው። «ፕራይስሌስ» የሚለውን ቃል ቅጥያውን ተከትሎ የሚፈታ ተማሪ «ዋጋ ቢስ» ይለዋል፤ የእንግሊዝኛው ፍች ግን ዋጋ የማይተመንለት እጅግ ውድ ነገር ማለት ነው። «ኢንቫልዩብል»ም እንዲሁ የ«ቫልዩብል» ተቃራኒ ሳይሆን ብርታቱ ነው። «ኢንፍላመብል» በተባለው ቃል ላይ ደግሞ ስሕተቱ የነጥብ ጕዳይ መሆኑ ይቀራል። ቃሉ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ በውስጡ ያለው «ኢን» ከላቲን የመጣ ሲሆን የአሉታ ምልክት አይደለም። በነዳጅ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ላይ ተጽፎ ያየው፣ «ኢን» ሁልጊዜ «አይደለም» ማለት ነው ተብሎ የተማረ ሰው፣ የማይቃጠል ብሎ ቢያነበው ሕጉን በትክክል ሠርቶበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች የእሳት አደጋ ጥንቃቄ ባለሙያዎች በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ «ፍላመብል» የተባለው አጭሩ ቃል እንዲተካ የገፋፉት ይህን ዐይነቱን ንባብ ፈርተው ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላይ ይህ ካሠጋቸው፣ በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ ሕጉ ከነልዩነቱ ካልተሰጠው ምን ሊያሠጋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ፍች ነው። ስለ መማር ቅደም ተከተልም የሚባል አለ። ሁለት ተቃራኒ ቃላትን በአንድ ቀን ማስተማር ትዝታን ይረዳል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። ቶማስ ቲንካም በ1993 እና በ1997 እ.ኤ.አ.፣ ሮብ ዌሪንግም በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው ጥናቶች ግን አዳዲስ ቃላት በፍች ተዛማጅ ሆነው በአንድነት ሲቀርቡ፣ ከማይዛመዱ ቃላት ይልቅ ለመማር እንደሚያስቸግሩ አሳይተዋል። በጥናቶቹ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተፈተኑት ለሙከራ የተፈጠሩ ቃላት ሲሆኑ፣ ዝምድናቸውም እንደ ልብስ ስሞች ያለ የአንድ ወገንነት ዝምድና እንጂ ተቃራኒነት አልነበረም። ፖል ኔሽን በ2000 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ግን የተቃራኒ ቃላትንም በዚሁ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አካቷል፤ ግራና ቀኝን በአንድ ቀን የተማረ ተማሪ ቃላቱን ቢያውቅም የትኛው የትኛው እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ሊምታታበት እንደሚችል ላየ መምህር ምክሩ እንግዳ አይሆንም።

ይህ ሲባል ተቃራኒ ቃላት ከቶ አብረው አይቅረቡ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ጆን ጀስትሰንና ስላቫ ካትዝ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተቃራኒ የሆኑ ቅጽሎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው እጅግ በበለጠ አብረው እንደሚገኙ አሳይተዋል። ሰው ሲጽፍም ሲናገርም ያነጻጽራልና ጥንዶቹ በንባብ ውስጥ መገናኘታቸው አይቀርም። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። አንዱ ቃል፣ በተለይም ብዙ የሚነገረው፣ በራሱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ከተደላደለ በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ድጋፍ ይሆነዋል፤ ሁለቱም አዲስ ሆነው ሲመጡ ግን እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ስለዚህ «ተቃራኒውን ጻፉ» የሚለው መልመጃ ቦታው የምዕራፍ መክፈቻ ሳይሆን የክለሳ ሰዓት ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች አንድን ጥንድ በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ቢያስተዋውቁት ተጨማሪ ገጽ አይጠይቅም፤ የቃላቱን ሰንጠረዥ እንደ ገና መደልደል ብቻ ይበቃል።

መልመጃው ይታረም ሲባል የሚነሣው ተቃውሞ የሥራ ብዛት ነው። ሰባ ደብተር የሚያርም መምህር አንድ ቃል ከአንድ ቃል ጋር ማስተያየት ይቀልለዋል፤ ፈተና አዘጋጁም ምርጫ ላለው ጥያቄ አንድ የማያሻማ መልስ ይፈልጋል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ማሻሻያ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። «ላይት» ብቻውን ከመቅረቡ ይልቅ «ዚስ ባግ ኢዝ ላይት» ተብሎ ቢቀርብ መልሱ «ሄቪ» መሆኑ አያሻማም፤ «ዘ ሩም ኢዝ ላይት» ቢባል «ዳርክ» መሆኑም እንዲሁ። እርማቱም በበፊቱ ፍጥነት ይካሄዳል። ቦታ ለዐረፍተ ነገር የማይበቃ ከሆነ አንድ ስም እንኳ ይበቃል፤ ከ«ሾርት» ቀጥሎ «ሮፕ» ወይም «ማን» ተብሎ ቢጻፍ «ቶል» ብሎ የመለሰው ተማሪ ደብተር ላይ የሚያርፈው ቀይ ምልክት ትርጕም ይኖረዋል፤ ወይም አያርፍም።